የአሥራ ሦስት ዓመት መንገዴ በብስኩት ጣሳ ውስጥ

ከኮምቦልቻ የጅቡቲ ድንበር ላይ እስካለችው ጋላፊ ባለው መንገድ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆኗል፦ «የካናዳው ጉዳይ ምን ደረሰ?» ካናዳ ሄጄ በከባድ መኪና ሹፌርነት ለመቀጠር የያዝኩትን ጉዳይ ማለታቸው ነው። ባቲ ላይ ሻይ የሚያፈሉልን እናታችን ይጠይቁኛል። ሚሌ ላይ ጎማ የሚጠግነው ልጅ ይጠይቀኛል። ሎጊያ ላይ አጠገቤ የቆመ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጠይቀኛል። መልሱ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። ዛሬ መኪናዬ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አቅራቢያ ቆማለች፤ የመጫኛ ተራዬ ነገ ነው። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳልቸኩል፣ የሆነውን ሁሉ ልጽፈው ነው።

ከባድ መኪና መያዝ የጀመርኩት በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ረዳት ነበርኩ። ጎማ ሥር ታኮ አስገብቻለሁ፣ በእኩለ ሌሊት ሸራ አስሬያለሁ፣ ጭነት ላይ ተኝቼ ጠብቄያለሁ። ተሳቢ የተማርኩት በሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ከፊትህ ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታይህ። መኪናዋን በማርሽና በሞተር ፍሬን ይዘህ ካልወረድክ፣ እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከሄድክ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬኑ ሽታ ይነግርሃል። ያሠለጠነኝ ሹፌር ነፍሱን ይማረውና፣ «የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ» ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ ነው የምሠራው።

ለምን መሄድ ፈለግህ የሚሉኝ አሉ። ሦስት ልጆች አሉኝ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደመወዙም አበሉም አብሮ ይዘጋል። አርባ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ወገቤ ዕድሜ ልኩን እንደዚህ አይሸከመኝም። ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

«ስፖንሰር» የሚለውን ቃል ዋጋ ተቆርጦለት የሰማሁት ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ ፎቅ ላይ ከተከራየ አንድ ቢሮ ነው። ሰውየው ጨዋ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ «ስፖንሰሩ 380 ሺህ ብር ነው፤ አሁን 60 ሺህ ትሰጠኛለህ፣ ቀሪውን ቪዛው ፓስፖርትህ ላይ ሲመታ» አለኝ። ሙሉውን አስቀድሞ ቢጠይቀኝ እጠረጥረው ነበር። ያመንኩት «ሲመታ» ባለው ቃል ነው። 60 ሺሁ ባለቤቴ ከእቁብ ያወጣችው፣ ለቤታችን ቆርቆሮ የታሰበ ገንዘብ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የድርጅት ዓርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ስሜና የፓስፖርት ቁጥሬ በትክክል ተጽፎበታል። ያን ቀን ቤቴ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለደስታው ስትመጣ ደብዳቤውን ሰጠኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያም ድምፅዋን ቀንሳ «አጎቴ፣ ለዚህ ሰው ገንዘብ ሰጥተሃል?» አለችኝ።

ያየችውን አንድ በአንድ አሳየችኝ። ደብዳቤው የተላከው ማንም ሰው በነፃ ከሚከፍተው የኢሜይል አድራሻ ነው፤ ብዙ ሹፌሮች ያሉት ድርጅት የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ካልጋሪ የምትባለው ከተማ ኦንታሪዮ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ እንዳለች ተጽፏል፤ ካልጋሪ ያለችው አልበርታ ውስጥ ነው። የመንግሥት ፈቃድ ቁጥር የሚባል ነገር አንድም ቦታ የለም። የድርጅቱን እውነተኛ ድረ ገጽ ፈልጋ፣ እዚያ ባገኘችው አድራሻ ጻፈችላቸው። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። ደብዳቤው ከእኛ አልወጣም፤ እኛ የምንቀጥረው ካናዳ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያላቸውን ሹፌሮች ብቻ ነው፤ እባካችሁ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ፤ ይላል። ወደ ደሴ ወጣሁ። ቢሮው ተዘግቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ለፖሊስ አመለከትኩ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሳሁት። ከእህቴ ልጅ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠን የመንግሥት ገጾችን ብቻ እናነብ ነበር፤ እሷ ትተረጉማለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ ደብተር ለጓደኞቼ የሚጠቅመውን ላካፍል።

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ስፖንሰር ስንል የሚታየን ለእግር ኳስ ቡድን ማልያ የሚገዛ ለጋስ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ አንድ ደግ ሰው ውጭ አገር ተገኝቶ «እኔ እወስደዋለሁ» የሚል ይመስለናል፤ ያንን ደግ ሰው ለሚያገናኘን ደላላ መክፈልም ተገቢ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ስፖንሰር የሚባለው ሹፌር የቸገረው አሠሪ ነው። አገሩ ውስጥ ሠራተኛ ፈልጎ እንዳጣ ለመንግሥቱ አስረድቶ፣ ከውጭ ለመቅጠር ፈቃድ የሚወስደው እሱ ነው። ወጪውም የእሱ ነው።

በካናዳ ይህ ፈቃድ ኤልኤምአይኤ ይባላል፤ ከውጭ የሚመጣው ሠራተኛ በአገሬው የሥራ ገበያ ላይ የሚያመጣው ጉዳት መኖር አለመኖሩ የሚመዘንበት ነው። አሠሪው ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል። ይህንን ገንዘብ ከሠራተኛው መቀበል ወይም ከደመወዙ መቁረጥ በሕጋቸው የተከለከለ ነው። ይህን ሳነብ ብዕሬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደሴ ላይ 380 ሺህ ብር የተተመነብኝ ነገር፣ እዚያ አገር አሠሪ ከሠራተኛው ቢቀበል የሚቀጣበት ነገር ነበር። እኔ የምከፍለው ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ለሥራ ፈቃድ ማመልከቻ 155 ዶላር፣ ለጣት አሻራና ለፎቶግራፍ 85 ዶላር ነው። የሚከፈለውም ለመንግሥት እንጂ ለግለሰብ አይደለም።

የካናዳ መንግሥት ጆብ ባንክ የሚባል የሥራ ማስታወቂያ ገጽ አለው። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ግርጌ ማን ማመልከት እንደሚችል ተጽፏል። የከባድ መኪና ሹፌር ማስታወቂያዎችን አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ የካናዳ ዜጋ ወይም የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ይላሉ። «የካናዳ የሥራ ፈቃድ ያላቸውም የሌላቸውም» የሚለው መስመር ያለበትን ነው መፈለግ ያለብን። ያ መስመር ከሌለ ኢሜይል መላክ ጊዜ ማባከን ነው፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን 30 ያህል ማመልከቻዎች ያባከንኩት ይህን ባለማወቅ ነው። ኤልኤምአይኤ ያገኙ አሠሪዎችን ስም ዝርዝርም መንግሥቱ ያወጣል፤ ደብዳቤ የላከላችሁ ድርጅት እዚያ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል። ገንዘብ ተቀብሎ ስለ ካናዳ ቪዛ ማማከር የሚችለውም እዚያው አገር ፈቃድ ያለው እንደ ጠበቃ ያለ የሕግ ባለሙያ ወይም የኢሚግሬሽን አማካሪዎችን በሚቆጣጠረው ኮሌጅ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ የተመዘገቡት ስም ለሁሉም ክፍት ነው።

ትልቁን ከተማ ብቻ የምትመኙ ወንድሞቼ አንድ ነገር እወቁ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ ካናዳ ሥራ አጥነት 6 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ትልልቅ ከተሞች ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው አብዛኞቹ ሥራዎች የሚቀርበውን የኤልኤምአይኤ ማመልከቻ ማስተናገድ አቁማለች። የከተሞቹ ዝርዝር በየሦስት ወሩ ይታደሳል። እኔ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ወደ ትንንሾቹ ከተሞች አዞርኩ።

ስለ አሜሪካ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ለንግድ ከባድ መኪና ሹፌሮች የሚሰጠው የሥራ ቪዛ መቆሙን አስታውቀዋል። ከዚያ ቀን በኋላ «የአሜሪካ የሹፌር ስፖንሰር» ብሎ ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ምን እንደሆነ ለራሳችሁ ፍረዱ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሹፌር ሲያጥራት ለ5,000 ያህል የከባድ መኪና ሹፌሮች ለጥቂት ወራት የሚቆይ ጊዜያዊ ቪዛ ከፍታ ነበር፤ እሱ አልፏል። መደበኛው የክህሎት ሠራተኛ ቪዛቸው የእኛን ሥራ አያካትትም።

አውሮፓ በሩ ጠባብ ነው እንጂ አልተዘጋም። የፖላንድና የሊትዌኒያ ድርጅቶች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ብዙ ሹፌሮችን ያሠራሉ። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ኮድ 95 የሚባል የሙያ ብቃት ይጠይቃሉ። ሥልጠናው 280 ሰዓት፣ የተፋጠነው 140 ሰዓት ነው፤ በየአምስት ዓመቱም 35 ሰዓት ይታደሳል። ድርጅቱ ደግሞ ለውጭ አገር ሹፌሩ የሹፌር ምስክር ወረቀት ያወጣለታል። ስለዚህ «ሊትዌኒያ በወር ውስጥ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ኮድ 95ን የት ነው የማገኘው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሰው ሥራም የለውም።

ወደ ዓረብ አገር በኤጀንሲ ለሚሄዱት የእኛው ሕግ አለ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀትና የመሳሰለውን ይሸፍናል። ይህን ሳያውቅ ላሙን ሸጦ ለቪዛ የከፈለ ሰው ከአንድም ሁለት አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ትክክለኛ ማስታወቂያ አገኘሁ፤ ሳስካችዋን በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ አነስተኛ የጭነት ድርጅት ነው። ማመልከቻዬን ላክሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሱልኝ። በአክብሮት የጻፉት አጭር ደብዳቤ ነበር፦ የመንጃ ፈቃድህን የተረጋገጠ ማስረጃ፣ የሥራ ልምድህን የሚያሳይ የአሠሪዎች ደብዳቤና ደመወዝ ይከፈልህ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ላክልን። የጠየቁት ለራሳቸው ብቻ አይደለም፤ የቪዛ መኮንኑ ሰውየው ይህን ሥራ መሥራት እንደሚችል ካላመነ ፈቃዱ ቢኖርም ይከለክላል።

ከዚህ በፊት ያልገባኝ ነገር ያን ቀን ገባኝ። ከደላላው ይልቅ፣ ከሩቁ አገር ሕግ ይልቅ ያደከመኝ ይህ ነው፦ አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ሥራዬን የሚመሰክር አንድ ገጽ ወረቀት አልነበረኝም።

እስቲ የትኛው የእኛ ሹፌር ነው ውል የፈረመ? ባለ መኪናው ይደውላል፣ ቡና ቤት እንገናኛለን፣ «መቼ ትነሳለህ?» ይለኛል፤ ውሉ ይኸው ነው። ደመወዙ በእጅ ነው፣ አበሉ በእጅ ነው፣ ጡረታ የሚባል መዋጮ የለም። በዚህ ሥርዓት እየኖርን ስንፋቀር ቆይተናል፤ ማናችንም ክፉ አልነበርንም። ግን ብንሞትም፣ ብንታመምም፣ ብንሄድም እንዳልሠራን ነን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ መብት እንዳለኝ ያወቅሁት በአሥራ ሦስተኛው ዓመቴ ነው።

አራት ባለ መኪናዎች ጋር ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ሞተዋል፤ መኪናዋን ልጆቻቸው ሸጠዋታል፣ እኔን አያውቁኝም። ሁለተኛው በሕይወት አለ፣ ሰው ነው፣ ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲገባ ሱቁ ውስጥ የነበረው መዝገብ ሁሉ ጠፍቶበታል። «ወንድሜ፣ የምትለውን ሁሉ እፈርማለሁ፤ ማኅተሙም እኮ የለኝም» አለኝ። አሁን የምሠራለት ደግሞ ደብዳቤውን ከጻፈ የምሄድበት መስሎት አራት ወር «ነገ» ሲለኝ ቆየ። አልፈርድበትም፤ ሹፌር ማግኘት ለእሱም ከባድ ነው። በመጨረሻ የጻፈልኝ ሽማግሌ ከላክሁበት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሐጂ ናቸው። ገርባ ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት የእሳቸውን መኪና ይዣለሁ። ቤታቸው ስደርስ ከሶላት ተነሥተው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጉዳዩን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ጥሩኝና ቆሜ ልመስክርልህ እንጂ» አሉኝ። ካናዳ ድረስ ሄዶ መመስከር እንደማይቻል ሳስረዳቸው ዝም አሉ። ከዚያ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው «ተነሥ» አሉኝና ኮምቦልቻ ድረስ አብረውኝ መጡ።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ስለመስጠት» ብላ ጀመረች። ሐጂ ግን በራሳቸው አነጋገር ቀጠሉ፦ «ይህ ልጅ ከ2008 እስከ 2013 ዓ.ም. ስድስት ዓመት የእኔን መኪና ከጅቡቲ ኮምቦልቻ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ነድቷል። አንድም ቀን ጭነት አላጎደለም። ሰው አልገጨም። መኪናዬን እንደ ራሱ ንብረት ይዟል። ደመወዙን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ስንት እንደሰጠሁትም ይኸው እናገራለሁ።» ጸሐፊዋ በመሥሪያ ቤት አማርኛ ልታስተካክለው ፈለገች። እንዳለ እንድትተወው ለመንኳት። የድሮ የንግድ ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር የመጡት፤ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር በእስትንፋሳቸው አሙቀው መቱት።

ያም ሆኖ ደመወዝ በእጅ ተሰጠ የሚል ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ትልቅ የብስኩት ጣሳ ይዛ ወጣችና ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። ወረቀት ነው። ስሜና የሰሌዳ ቁጥሬ ያለባቸው የጭነት ሰነዶች ቅጂ፣ የሚዛን ወረቀት፣ የጅቡቲ ወደብ መግቢያ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ሰመራ ያደርኩበት አልጋ ደረሰኝ። ከተጋባን ጀምሮ ልብሴን ባጠበች ቁጥር ከኪሴ ያገኘችውን አንድም ሳትጥል አስቀምጣለች። «ለምን አልጣልሽውም?» አልኳት። «የደረስክበት ቦታ የተጻፈበትን እንዴት እጥለዋለሁ? አንተ ስትዘገይ እኮ እሱን ነው የማየው» አለችኝ።

ሁለት ሌሊት ሳሎናችን መሬት ላይ በዓመት በዓመት ደረደርናቸው። ትልቋ ልጄ ቀኑን ታነባለች፣ ባለቤቴ ታስቀምጣለች፣ እኔ ያንን ጉዞ አስታውሳለሁ። አንዳንዱ ቀለሙ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ሊነበቡ የሚችሉት 187 ሆኑ። ከመካከላቸው ጥርት ያሉትን 40 መርጠን ፎቶ አነሳን፤ የእህቴ ልጅ ለእያንዳንዱ ቀኑን፣ የጫንኩትን፣ ከየት ወዴት እንደሄድኩ በእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ሠራችለት። የቀረው የእግር ሥራ ነበር፤ የመንጃ ፈቃዴን ማረጋገጫ ማውጣት፣ ማስተርጎም፣ ደሴ ሰነድ ማረጋገጥ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመታት።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በቪዲዮ ነው። በእነሱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ እዚሁ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰውየው ዕድሜው የገፋ ነው፤ እሱ ራሱ ሹፌር እንደነበር ነገረኝ። እንግሊዝኛዬ ይንተባተባል። «ከመነሳትህ በፊት መኪናውን እንዴት ትፈትሻለህ?» ሲለኝ ግን በስልኬ ካሜራ መኪናዋን ዞሬ አሳየሁት፦ ጎማ፣ የፍሬን አየር፣ መብራት፣ የተሳቢው ማያያዣ፣ ጭነቱ የታሰረበት። ስለ ረጅም ቁልቁለት ጠየቀኝ። ሐረጎን ነገርኩት፤ ያሠለጠነኝ ሰው የሚለውንም ነገርኩት። «እኛም እንደዚያ እንላለን» አለ። በረዶ ላይ ነድተህ ታውቃለህ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ጭቃና ጉም አውቃለሁ፣ በረዶ ግን መማር አለብኝ።

እዚያ ብደርስ የእኛ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ እንደማይቀየር አስረዳኝ። በእነሱ ክፍለ ሀገር ከተሳቢ ጋር ለማሽከርከር ክላስ 1 የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእሱም አስገዳጅ ሥልጠና አለ። ኦንታሪዮ በ2017 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 103.5 ሰዓት እንዲሆን ደንግጋለች፤ ሳስካችዋን በ2019 እ.ኤ.አ. 121.5 ሰዓት አድርጋዋለች። ሳስካችዋንን ወደዚያ የገፋት ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. በሐምቦልት ከተማ የወጣቶች የሆኪ ቡድን አውቶቡስ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። ከባድ መኪናው የቁም ምልክቱን አልፎ መስቀለኛ መንገድ ላይ ገባ፤ 16 ሰው ሞተ። ሹፌሩ ከተቀጠረ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር።

ስለዚህ አደጋ ያነበብኩ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዳንድ ጓደኞቼ «አሥራ ሦስት ዓመት ለነዳ ሰው 121 ሰዓት ሥልጠና ስድብ ነው» ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። እኛ መንገድ ላይ ስንት ልጅ ነው ረዳትነቱን ሳይጨርስ መሪ የተሰጠው? ስንቱንስ ቀበርን? እዚያ አገር ሹፌር በቀን ከ13 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ ሰዓቱንም መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ይመዘግበዋል። እኔ ከጅቡቲ ተነሥቼ ዓይኔን በውኃ እያጠብኩ ያለ እንቅልፍ የደረስኩባቸው ሌሊቶች አሉ። በእነዚያ ሌሊቶች ያተረፈኝ አላህ ነው፣ ችሎታዬ አይደለም። ሥልጠናውን በደስታ እወስዳለሁ።

እንግዲህ የካናዳው ጉዳይ የደረሰበት ይህ ነው። ድርጅቱ የኤልኤምአይኤ ማመልከቻውን አስገብቷል። ወራት ሊወስድ እንደሚችል ነግረውኛል፤ ሊከለከልም ይችላል። እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። በጠቅላላው 61 ቦታ አመልክቼ አምስቱ መልሰውልኛል፤ እስከ ቃለ መጠይቅ የደረሰው አንዱ ነው። ቁጥሩን የምጽፈው የሚያመለክቱ ወንድሞች በአሥረኛው ላይ ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።

ረዳቴ 22 ዓመቱ ነው። የጣሳውን ነገር ከሰማ ጀምሮ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዝቶ ጉዞውን ይመዘግባል፦ ቀን፣ ሰሌዳ፣ የጫንነው፣ የተነሳንበት፣ ያራገፍንበት፣ የተከፈለው። ከጎኑ የእኔ ፊርማ አለበት፤ ባለ መኪናውም በወሩ መጨረሻ እንዲፈርምለት አስማምቻለሁ። መጀመሪያ ባለ መኪናው ሳቀበት፤ አሁን ራሱ «ደብተሩን አምጣ» ይለዋል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የጋቢናውን በር አንኳኳ። «ጋሼ፣ የትናንቱን አልፈረሙልኝም።» ከሚሌ የተመለስንበት ነው። መብራቱን አብርቼ አነበብኩት። ኪሎውን በስህተት ጽፎታል፤ የሚዛኑን ወረቀት አውጥተን አስተካከልነውና ፈረምኩ። አሁን ሸራውን ሊፈትሽ ወርዷል፤ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ተራችን ላይ መገኘት አለብን።